ከጦር ቀጠናው ውጪ

የቪን ዝናብ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ ይመታዋል፣
አሥራ ስድስት ኮምፒውተር ክፍሉን እንደ ምድጃ ያግለዋል፤
ኑድሌ በወረቀት ኩባያው አብጦ ቀዝቅዟል፣
ጆሮዬ ላይ ግን ሄሊኮፕተር አርፏል።

ዕጣ ጥሎኝ አሜሪካዊ ነኝ፣ እስከዚህ ዙር ፍጻሜ፤
ፊቴን ጥላሸት ቀብቼ፣ ስሜን በእንግሊዝኛ ሰይሜ፣
ከሙዝ ቅጠል ሥር ነኝ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ተጋድሜ።
ጫካ የማውቀው ከዚህ ነው፤ የኛ ጋራ ላይ ያለው ዛፍ
ለወረቀት ፋብሪካ ነው፤
በሰልፍ ተተክሎ፣ የሚቆረጥም በሰልፍ።

ከወዲያ ያደፈጠው ዩይ ነው፣ የክፍል ጓደኛዬ፣
አሥራ አንደኛው ወንበር ላይ፣ ፊት ለፊት ከመቀመጫዬ።
የሒሳብ ደብተሬን ከወሰደ ሁለት ሳምንቱ፤
አልመለሰም። ስለዚህ ይገባዋል ጥይቱ።

አክስቴ ሎአን ገባች። የላስቲክ ካፖርቷ ወለሉን አራሰው።
«ተነሥ፣ ዶሮው ተቀቅሏል፤ ዘመዱ አንተን ነው የሚጠብቀው።»
የታክ ሙት ዓመት ነበር።
ሙት ዓመት እንበለው እንጂ፣ የሞተበትን ማን ያውቃል?
ከቤት የወጣበት ቀን በሞቱ ቀን ፈንታ ይቆማል።
መርዶው አንድ መስመር ነው፣ ሣጥን ውስጥ ተጣጥፎ ኖሯል፤
«በደቡብ ግንባር ተሰዋ» ይላል።
ደቡብ! ስንት ወንዝ፣ ስንት ጋራ፣
የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከየትኛው ሥር ይጣራ?

«አንድ ደቂቃ!» አልኳት። የተጫዋች አንድ ደቂቃ፣
ጎህ ይቀዳል እንጂ መች ታውቃለች አልቃ?
ውኃው ካገጯ እየተንጠባጠበ ስክሪኑን አየች።
«ይሄ ሙዝ አበባ አውጥቶ ፍሬው የታለ?» አለች።
ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች።

«እዚያ ወንዝ አለ?»
«አለ።»
«ሦስት ድንጋይስ? አብሮት የዘመተ ሰው ሊሞት ሲል ነግሮኛል፤
ወንዝ ዳር፣ ከሦስት ድንጋይ ሥር፣ በሸራ ጠቅልለነዋል ብሏል።
ሂድ እስቲ።»

ጨዋታ እኮ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት።
መሣሪያዬን ላስቀምጥ አልኩ፤ የሚያስቀምጥ ቁልፍ አጣሁት።
ከጣቴ ጋር የተሰፋ ነው፤
ያንን ጫካ የሠራ ሰው ባዶ እጅን አላሰበው።

ሃያ እርምጃ ሳልሄድ ዩይ ግንባሬ ላይ አገኘኝ።
ስክሪኑ ቀላ፤ አሥር፣ ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ቆጥሮ አስነሣኝ።
አክስቴ ቁጥሩን አየች።
«ስንት ጊዜ ነው የምትነሣው?» አለች።
«የፈለግሁትን ያህል።»
ዝም። የካፖርቷን ጫፍ ጨመቀች።
«እንደገና ሂድ።»

ማዳመጫዬን አውልቄ ጮኽኩ፦ «እንዳትተኩሱ!
አክስቴ ሰው ትፈልጋለች!» ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።
ዩይ ብቻ ከሣሩ ወጣ፣ በዚያ በጠላት ልብሱ፣
አፈሙዙን ወደ መሬት፣ ከጎኔ ሄደ በራሱ።

ወንዙ ጋ ደረስን። ውኃው ይፈሳል፤ እግር ግን አያርስም።
ድንጋዩ ሁለት ነው። ሦስተኛው የለም።
«ተሻገር» አለች። ተሻገርኩ። ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤
«ከጦር ቀጠናው ወጥተሃል። ተመለስ፣ ሞት ሳይመጣ።»
አሥር፣ ዘጠኝ...
«ከዚያ ወዲያ ምን አለ?»
«ምንም። አልተሠራም። ካርታው እዚህ ላይ ያበቃል።»
ግራጫውን ባዶ አየችው፣ ሰው ቤቱን እንደሚያየው።
«እንግዲያው» አለች ቀስ ብላ፣ «ታክ ያለው እዚያ ነው።»

ሒሳቤን ከፈለች፣ ሦስት ሺህ ዶንግ፤ መልሷን ቆጥራ ተቀበለች።
በሞተሩ ኋላ፣ ካፖርቷ ሥር ተጠልዬ፣ እስከ ቤት፣
«ዶሮው ቀዘቀዘ» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣት።

በማግሥቱ ዩይን አሥራ አንድ ጊዜ ገደልኩት፤ እሱም ዘጠኝ ጊዜ ገደለኝ።
የሒሳብ ደብተሬንም እስከ ዛሬ አልመለሰልኝ።
ወንዙ ጋ ለመድረስ ግን ሲቀረን ሦስት እርምጃ፣
ጥይት ያልቅብናል፣ የሱም የኔም፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።